የጨዋታ ዓመት፦ ከሞንትሪያል በረዶ እስከ ገና ሜዳ

ከድሬዳዋ ገጠር ቀበሌዎች አንዷ በሆነችው በዋሂል በረዶ መጣ የተባለ እንደሆነ ሰው ቀና ብሎ ሰማይ ያያል። በድሬዳዋ ዙሪያ ባለው ገጠር በረዶ ማለት ከዝናብ ጋር ወርዶ የማሽላውን ቅጠል የሚሸነትር ነገር ነው፤ ሰው እግሩን አሳርፎ የሚጫወትበት ወለል ይሆናል ብሎ የሚያስብ የለም። በካናዳ ከተሞች ግን የብርዱ ወራት ሲገቡ ወንዙ ራሱ ይጋገራል፤ በላዩ ላይ ሰው በብረት ጫማ ይንሸራተታል፤ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ሩብ ላይ ደግሞ በዚያ ወለል ላይ በቆልማማ ዱላ የሚደረግ አንድ ጨዋታ ሥርዓት ይዞ ተነሣ። ያ ጨዋታ ለእኛ ባዕድ ይመስላል። ዱላው፣ የሚባረረው ነገር፣ የሁለት ወገን ፍልሚያው ግን በገና ሜዳ ላይ የምናውቀው ነው። ሁለቱን ጨዋታዎች ጎን ለጎን ማስቀመጥ የሚጠቅመው ማን ቀደመ ለማለት አይደለም። ዛሬ በሬዲዮ ስፖርት ዜና በሰማን ቁጥር ሳናስተውለው የሚያልፈንን አንድ ሐረግ ለመመርመር ነው፤ ሐረጉም «የውድድር ዓመት» የሚለው ነው። የእኛ ዓመት መስከረም አንድ ይጠባል። የገበሬው ዓመት በበልግና በክረምት ዝናብ ይከፈላል። የቤተ ክርስቲያኑ ዓመት በጾምና በፍስክ ይታወቃል። ታዲያ ጨዋታ የራሱ ዓመት ያገኘው መቼና ለምንድን ነው? የዚህ ምዕራፍ መልስ አንድ ነው፦ የውድድር ዓመት የተወለደው የማይተዋወቁ ሰዎች ተገናኝተው መጫወት በፈለጉ ጊዜ ነው። የጨዋታው ብስለት፣ የተጫዋቹ ችሎታ፣ የአገሩ ሥልጣኔ የወሰነው ጉዳይ አይደለም። (በምዕራፉ ውስጥ የተጻፉት ዓመታት፣ ከነወራቸውና ከነቀናቸው፣ «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የገናና የመስከረም ቀኖች ግን በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ከሞንትሪያል እንነሣ፤ ማስረጃው እዚያ በጽሑፍ ተቀምጧልና። መጋቢት 3 ቀን 1875 በሞንትሪያል ከተማ ቪክቶሪያ በተባለው ባለ ጣሪያ የበረዶ አዳራሽ ውስጥ በየወገናቸው ዘጠኝ ዘጠኝ ሆነው የተሰለፉ ወጣቶች ለሕዝብ የተነገረ ጨዋታ አደረጉ። ያዘጋጀው ከሃሊፋክስ የመጣው ጄምስ ክሬይተን ነበር። ተመልካቹንና መስኮቱን እንዳትመታ ብለው በኳስ ፈንታ ጠፍጣፋ እንጨት አባረሩ። በ1877 የጨዋታው ደንብ በሞንትሪያል ጋዜጣ ታተመ፤ በዚያው ዓመት የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ክለብ አቋቋሙ። ከ1883 ጀምሮ ከተማዋ በብርድ ወቅት በምታከብረው ካርኒቫል ላይ የሆኪ ውድድር ይደረግ ጀመር። ታኅሣሥ 8 ቀን 1886 ደግሞ የአምስት ክለቦች ተወካዮች ተሰብስበው የካናዳ አማተር ሆኪ ማኅበርን መሠረቱ። አራቱ ክለቦች የሞንትሪያል ነበሩ፤ አምስተኛው ግን ወደ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከምትገኘው ከኦታዋ የመጣ ነበር። ማኅበሩ ጨዋታው ከጥር 1 እስከ መጋቢት 15 እንዲደረግ፣ በአንድ ወገን ሰባት ሰው እንዲሰለፍ፣ ማንም ተጫዋች ገንዘብ እንዳይከፈለው ወሰነ። ልብ በሉ፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ በአንድ አዳራሽ ውስጥ የነበረ የጓደኞች ጨዋታ መክፈቻና መዝጊያ ቀን ያለው፣ ከከተማ ከተማ የሚኬድበት ጉዳይ ሆነ።

መክፈቻና መዝጊያ ቀን መኖሩ ብቻ ግን የውድድር ዓመትን አያስገኝም። ይህን የሚያስረዳን የማኅበሩ የመጀመሪያ ዓመታት አሠራር ነው። ከ1887 እስከ 1892፣ ከ1888ቱ በቀር፣ ሻምፒዮናው የሚወሰነው በግጥሚያ ጥሪ ነበር። ክብሩን የያዘውን ክለብ ሌላው «ና ግጠመኝ» ይለዋል፤ ያሸነፈ ክብሩን ይወስዳል፤ ሌላም መጥቶ ይጠራዋል። የወቅቱ መዝጊያ ቀን ሲደርስ ክብሩ በእጁ ያለ ክለብ የዓመቱ ሻምፒዮን ይባላል። አሠራሩ ከፈረስ ጉግስ ወይም ከመንደር ትግል ብዙም አይርቅም፤ አሸናፊው እስኪረታ ድረስ አሸናፊ ነው። ችግሩ በ1892 ገሃድ ወጣ። የኦታዋ ክለብ በጥር መጀመሪያ ክብሩን በከተማዋ ስም ከሚጠራው ከሞንትሪያል ክለብ ነጥቆ ጥርንና የካቲትን ሙሉ መጣ የተባለውን ሁሉ እየመለሰ ቆየ። መጋቢት 7 ቀን ግን ሞንትሪያል በድጋሚ ገጥሞ 1 ለ 0 አሸነፈ፤ ወቅቱም ሊዘጋ ነበርና የዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ። ሁለት ወር ያሸነፈው ባዶ እጁን ቀረ፤ አንድ ማታ ያሸነፈው ዓመቱን ወሰደ። በደንቡ መሠረት ስህተት አልነበረበትም። ብዙዎችን ግን አላረካም፤ ምክንያቱም ሰዎቹ በልባቸው ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ጀምረው ነበር። «ዛሬ ማን አሸነፈ?» የሚለው ቀርቶ «በዓመቱ ውስጥ ማን በለጠ?» ማለት መጥቶ ነበር።

ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ፣ መጋቢት 18 ቀን 1892፣ ለኦታዋ ክለብ በተደረገ የእራት ግብዣ ላይ የካናዳ ጠቅላይ ገዥ የነበሩት የሎርድ ስታንሊ ደብዳቤ ተነበበ። በደብዳቤው አንድ ዋንጫ ለመስጠት ማሰባቸውን ገለጹ። ዛሬ ዓለም የሚያስታውሰው ዋንጫውን ነው፤ ለእኛ ጥያቄ ግን የሚበልጠው በዚያው ደብዳቤ ላይ ያነሡት ሌላ ሐሳብ ነው። የጨዋታዎቹ አመዳደብ ሁሉንም የሚያረካ እንዳልመሰላቸው ጠቅሰው እያንዳንዱ ቡድን አንድ ጊዜ በሜዳው፣ አንድ ጊዜ በባላጋራው ከተማ ቢጫወት ይሻል እንደሆነ እንዲታሰብበት ጠየቁ። በ1893 ማኅበሩ ይህንኑ አሠራር ያዘ። አምስት ክለቦች እያንዳንዳቸው ከሌሎቹ ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ ተጋጠሙ፤ ለእያንዳንዱ 8 ጨዋታ፣ በጠቅላላው 20 ጨዋታ ደረሰ። ሞንትሪያል 7 አሸንፎ 1 ተሸነፈ፣ ኦታዋ 6 አሸንፎ 2 ተሸነፈ፤ ዋንጫውም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሞንትሪያል ተሰጠ። አሁን ሁለቱን ዓመታት አስተያዩ። በ1892ም በ1893ም አገሩ ያው፣ ብርዱ ያው፣ በረዶው ያው፣ ኦታዋና ሞንትሪያልም እነዚያው ናቸው። የተለወጠው ቆጠራው ብቻ ነው። በ1892 አንድ ሽንፈት ዓመቱን ሙሉ ሊያጠፋ ይችል ነበር፤ በ1893 ግን ሞንትሪያል አንድ ጊዜ ተሸንፎም ሻምፒዮን ሆነ። የውድድር ዓመት ማለት ይህ ነው፦ የእያንዳንዱን ቀን ውጤት ሳይጥል እየደመረ፣ ከድምሩ ፍርድ የሚሰጥ መዝገብ። ይህ መዝገብ ከተፈጥሮ አልመጣም። ሰዎች ተስማምተው ያወጡት ነው።

አሁን ወደ ገና እንምጣ። በደጋው ኢትዮጵያ ሰብል ተሰብስቦ ሜዳው ነጻ ሲሆን፣ ታኅሣሥ እየገፋ ሲሄድ፣ ወጣቱም ጎልማሳውም ጫፉ የቆለመመ የገና ዱላ ይዞ ይወጣል። የሚመታው ጥንግ ወይም ሩር የሚባል ትንሽ ድቡልቡል ነው፤ አንዳንዱ ከእንጨት ይጠርበዋል፣ ሌላው ከጠፍር ይሠራዋል። በትግራይ ቃርሳ፣ በኦሮሞ ዘንድ ቂሌ በሚባል ስም የሚታወቅ የዚህ ጨዋታ ዘመድ አለ። ሁለት ወገን ይሆናሉ፤ ላይኛው መንደር ከታችኛው፣ አንዱ ደብር ከሌላው ይገጥማል። ግቡ ጥንጓን እያባረሩ የባላጋራውን ወሰን ማሳለፍ ነው። የተጫዋቹ ቁጥር በመጣው ሰው ይወሰናል፤ ሜዳው መሬቱ እንደፈቀደ ይሰፋል፣ ይጠባል። ምእመናኑ ጨዋታውን ከቤተልሔም እረኞች ጋር ያገናኙታል፤ የጌታን ልደት ሰምተው በዱላቸው እየተጫወቱ ደስ አላቸው ይባላል። በዚያ ዕለት ደግሞ ማዕረግ ይላላል፤ አሽከር ጌታውን ቢመታው በገና ሜዳ አይቆጣበትም የሚል አባባል እስከ ዛሬ በሁሉም አፍ ላይ አለ። ያሸነፈው ወገን ተሸናፊውን በግጥም እየወረፈ ወደ ሰፈር ይመለሳል። በ19ኛው መቶ ዘመን ወደ አገራችን የመጡ አውሮፓውያን ተጓዦችም ይህን ሲያዩ ከአገራቸው ሆኪ ጋር ማመሳሰላቸው አይደንቅም፤ ጨዋታው በእውነት ዘመድ ነውና።

ታዲያ በአጨዋወት ይህን ያህል የሚቀራረቡት ሁለቱ ጨዋታዎች በዓመት አቆጣጠር ለምን ተለያዩ? መልሱ ማን ከማን ጋር ይጫወታል በሚለው ላይ ነው። በገና ሜዳ የሚገናኙት የላይና የታች መንደር ሰዎች ናቸው። በአንድ ገበያ ይሸምታሉ፣ በአንድ ወንዝ ከብት ያጠጣሉ፣ እርስ በርስ ይጋባሉ፣ በአንድ ለቅሶ ይቀመጣሉ። ጥንጓ ወሰን አልፋለች አላለፈችም ተብሎ ክርክር ቢነሣ የሚዳኝ ሽማግሌ አለ፤ እሱንም ሁለቱም ወገን ያውቁታል። የአምናውን አሸናፊ የሚያስታውስ መዝገብ አያስፈልግም፤ የተሸነፈው ሰው ጎረቤት ነው፣ ግጥሙም እስከ ዘንድሮ ጆሮው ላይ አለ። ኦታዋና ሞንትሪያል ግን እንዲህ አይደሉም። ከመጫወታቸው በፊት አይተዋወቁም፤ ከተጫወቱ በኋላም ባቡር ተሳፍረው ይለያያሉ። እንዲህ ላሉ ሰዎች ስንት ሰው እንደሚሰለፍ፣ ጨዋታው ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ በየትኛው ቀን በየትኛው ከተማ እንደሚገናኙ አስቀድሞ መጻፍ አለበት። የጽሑፍ ደንብ የባይተዋር ዋስ ነው፤ የጨዋታ መርሐ ግብርም የባይተዋር ቀጠሮ ነው። የአማተርነት ደንብ እንኳ ከዚሁ ይመጣል። በገና ሜዳ ማንም ለመጫወት ገንዘብ አይከፈለውም፤ ነገር ግን ይህን በደንብ የጻፈው የለም፣ ሌላ ሊሆን እንደሚችል ያሰበ አልነበረምና። በሞንትሪያል ግን መጻፍ ነበረበት፤ የሩቁ ክለብ ሰው ቀጥሮ ይመጣል ብሎ መጠርጠር ይቻል ነበርና።

ይህ አስተያየት በሁለት አገሮች ብቻ የቆመ ቢሆን አጋጣሚ ነው ማለት ይቻል ነበር። ሦስተኛ ምስክር ግን አለ። በስኮትላንድ ደጋማ ምድር ሺንቲ የሚባል የዱላና የኳስ ጨዋታ አለ። ይህ ጨዋታ ለዘመናት የሚደረገው በልደትና በአዲስ ዓመት ሰሞን ነበር፤ አንዱ ደብር ከሌላው ይገጥማል፣ ቁጥሩ አይወሰንም፣ ሜዳው የመንደሩ መሬት ነው። ገናን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ገለጻ የራሱ አገር ወሬ ይመስለዋል። ወደ ካናዳ የፈለሱ ስኮቶች ይህን ጨዋታ ይዘው ሄደዋል፤ በበረዶው ላይ የተወለደው ሆኪም ከሺንቲና ከመሰሎቹ ብዙ ወርሷል። እዚያው ስኮትላንድ ውስጥ የቀረው ሺንቲ ግን ለረጅም ጊዜ የመንደር ጨዋታ ሆኖ ኖረ። ደንብ የወጣለት ከሩቅ ለሩቅ የሚኖሩ ቡድኖች መገናኘት ከጀመሩና በአጨዋወት መለያየታቸው ካስቸገረ በኋላ ነው፤ ማኅበሩ የተመሠረተው በ1893 ሲሆን የመጀመሪያው የዋንጫ ፍልሚያ የተደረገው በ1896 ነው። የስኮቶች ገና መዝገብና ቀጠሮ ያገኘው ሞንትሪያል የመጀመሪያውን ዋንጫ ባነሣችበት በዚያው ዓመት ነው ማለት ነው። እምነት፣ ባህልና በዓል ሳይለወጥ፣ ከማን ጋር እንገናኛለን የሚለው ብቻ ሲለወጥ፣ ጨዋታው ዓመት አወጣ።

በዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያ ተቃውሞ ገና ኃይለኛና ሥርዓት የለሽ ስለሆነ ውድድር ሊሆን አልቻለም የሚል ነው። ገና ላይ ቅልጥምም ግንባርም እንደሚመታ የማያውቅ የለም። ነገር ግን የሞንትሪያል መጀመሪያ ከዚህ የተሻለ አልነበረም። የ1875ቱ ጨዋታ በጠብ ነው ያለቀው፤ በጊዜው የወጣ የጋዜጣ ዘገባ ራስና ቅልጥም እንደተመታ፣ አግዳሚ ወንበር እንደተሰበረ፣ ሊያዩ የመጡ ሴቶችም ደንግጠው እንደወጡ ይናገራል። ኃይለኛነት ውድድርን ከመወለድ አላገደውም። እንዲያውም በብዙ ቦታ ደንብ ያስወጣው ኃይለኛነቱ ነው። ደግሞም ገና ሥርዓት የለውም ማለት ትክክል አይደለም። ማዕረግ የሚላላበትን ቀን ለይቶ፣ በማግሥቱ ማዕረጉን ወደ ቦታው መልሶ፣ የተመታው እንዳይቀየም አባባል አስቀምጦ የሚያልፍ ማኅበረሰብ ስለ ጨዋታ ሥርዓት አስቦ ያውቃል። ያልጻፈው የሚያነብለት ባይተዋር ስላልነበረ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ገና በዓል እንጂ ስፖርት አይደለም፤ በዓል የሆነ ነገር ወደ ውድድር ዓመት አይሄድም የሚል ነው። ይህ ከባድ ይመስላል፤ ሆኖም በራሱ በሆኪ ታሪክ ይፈርሳል። የሞንትሪያል ክለቦች ለመጀመሪያ ጊዜ በውድድር መልክ የተገናኙት በከተማው የብርድ ወቅት በዓል ላይ ነው፤ በዓሉ ሰው ሰበሰበ፣ ውድድሩ በተሰበሰበው ሰው ፊት ቆመ። ሺንቲም ከአዲስ ዓመት በዓል ነው የወጣው። በዓል የውድድር እናት ሲሆን እንጂ ጠላት ሲሆን አላየንም። ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ አስተያየት አለ፤ ኢትዮጵያውያን ቀን ቆጥሮ ነገርን በዓመት ማደራጀት አልለመዱም የሚል። ይህ እውነት አይደለም። ገና ራሱ የሚውለው በጥንቃቄ በተቆጠረ ቀን ነው፤ ታኅሣሥ 29 ሆኖ በዘመነ ዮሐንስ ግን ወደ 28 ይመለሳል፣ በቀደመው ዓመት ጳጉሜን ስድስት ስለሆነች። ባሕረ ሐሳብን የቀመረ ሕዝብ ሃያ ጨዋታ መደልደል አያቅተውም። ቀኑም ለውጭ ሰው ምሥጢር አልነበረም። የሆኪው ማኅበር የመጀመሪያ ወቅቱን በከፈተበት በጥር 1887 መጀመሪያ በጨለንቆ ጦርነት ተደረገ፤ የሐረሩ አሚር አብዱላሂ የምኒልክን ሠራዊት ለመግጠም የገናን በዓል ሰሞን የመረጡት ወታደሩ በበዓሉ ተይዞ ይዘናጋል ብለው እንደሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ብዙ ሕይወት የጠፋበት ጦርነት ነበርና እዚህ ለምሳሌ ያህል ብቻ አነሣዋለሁ፦ የገና ቀን ለማንም ግልጽ የነበረ ቀን ነው። የጎደለው በአንዱ ቀንና በሌላው ቀን መካከል ውጤትን እየደመሩ ለመሄድ የሚያስገድድ ምክንያት ነበር።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይጠነክራል። «ሆኪ ወቅት ያገኘው ከበረዶው ነው፤ በረዶ የሚቆየው ሦስት ወር ስለሆነ ጨዋታው ሦስት ወር ሆነ። ገናም ከመኸር በኋላ ነው የሚደረገው። ሁለቱንም የወሰናቸው አየሩና መሬቱ ነው፤ ስለ ባይተዋር ማውራት ምን ያስፈልጋል?» ሊባል ይችላል። እውነት ነው፤ በዚያ ዘመን በአዳራሽ ውስጥ ያለው በረዶም ቢሆን የሚጋገረው በውጭው ብርድ ነበር፤ ሙቀት ሲመጣ ሁሉም ነገር ይቀልጣል። ተፈጥሮ በር ትከፍታለች፣ በር ትዘጋለች። በሩ ክፍት ሳለ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ግን ተፈጥሮ አትወስንም። ለዚህ ነው 1892ና 1893ን ማስተያየት ያስፈለገው፤ በአንድ ዓይነት ብርድ ሁለት ዓይነት አቆጣጠር ታይቷል። በዋሂል ዙሪያ ያለ ገበሬም ይህን ያውቀዋል። ዝናቡ የዘር ጊዜን ይሰጠዋል፤ ገበያው የሚውልበትን ቀን ግን ዝናቡ አልሰጠውም። የገበያ ቀን የተወሰነው ከየአቅጣጫው የሚመጡ የማይተዋወቁ ሻጭና ገዢ አንድ ቀን ላይ መገናኘት ስላለባቸው ነው። የውድድር ዓመት ከመኸር ይልቅ ለገበያ ቀን ይቀርባል።

የድሬዳዋ ታሪክ ይህን ሐሳብ ከካናዳ ወደ እኛ አገር ያመጣዋል። ከባሕር ጠረፍ የሚነሡት ነጋዴዎች ጥንት በጀልዴሳ በኩል በግመል ወደ ሐረር ይወጡ ነበር። ከጂቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልቻለ በ1902 መጨረሻ፣ በ1895 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ከተራራው ሥር ካለው ሜዳ ደረሰ፤ በዚያም ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ሐዲዱ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ከተማዋን የሞሏት ከየአገሩ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ሶማሌና ኦሮሞ፣ አማራና ሐረሪ፣ ግሪክና አርመን፣ ዓረብና ህንድ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን። እርስ በርስ የሚዳኙበት የጋራ ሽማግሌ ያልነበራቸው ሰዎች በአንድ የጣቢያ ሰዓት መኖር ጀመሩ። እግር ኳስ በኢትዮጵያ የያዘው መልክም ይህንኑ ያሳያል። በ1944 የተደረገው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና አምስት ቡድኖች ነበሩት፤ የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ተልዕኮ ቡድን። አሸናፊውም የእንግሊዞቹ ቡድን ሆነ። በሞንትሪያል ማኅበሩን የመሠረቱት ክለቦች አምስት ነበሩ፤ በአዲስ አበባም አምስት ሆኑ። የቁጥሩ መገጣጠም አጋጣሚ ነው። አምስቱም በቋንቋ የተለያዩ መሆናቸው ግን ለነገሬ ዋናው ማስረጃ ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲጫወቱ የጽሑፍ ደንብና የተቆጠረ ነጥብ የግድ ይሆናል። ውድድሩ ከአንድ ከተማ ሲወጣም ድሬዳዋ ተገኘች፤ የጥጥ ፋብሪካዋ ቡድን ኮተን በ1960፣ በ1962፣ በ1963ና በ1965 የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነ። ባቡር ባያገናኛት ኖሮ በረሃ ዳር ያለች ከተማ በአገር ሻምፒዮና ዓመት ውስጥ እንዲህ ቦታ ለማግኘት ይቸግራት ነበር።

እግር ኳስ ዓመት ይዞ ሲመጣ ገናም ከነበረበት አልቀረም። ዛሬ የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ገናን ከገበጣ፣ ከትግል፣ ከፈረስ ጉግስና ከቀስት ጋር ደንብ አውጥቶለታል፤ ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች ቡድን ልከው የሚወዳደሩበት አገር አቀፍ መድረክም አለ። የተጫዋቹ ቁጥር ተወስኗል፣ ዳኛ ቆሟል፣ ሜዳው ተለክቷል። ይህ የሆነበት ምክንያት ሞንትሪያልን ካሠራት ምክንያት ጋር አንድ ነው፤ የአንዱ ክልል ልጅ ከማያውቀው ከሌላው ክልል ልጅ ጋር ሲሰለፍ የመንደሩ ሽማግሌ አብሮት አይመጣም። ለዚህ ምዕራፍ አስተሳሰብ ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ አይገኝም፦ ገና ደንብ የተጻፈለት ተጫዋቹ ስለሠለጠነ ሳይሆን ተጋጣሚው ስለራቀ ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ኪሳራ አለ፤ በቅንነት መናገር ይገባል። ገና በውድድር መድረክ ላይ ሲቀርብ ከታኅሣሥ 29 ይለያል። ከቀኑ ሲለይ ጌታና አሽከር የሚተካከሉበት ሰዓት፣ የላይና የታች መንደር ግጥም፣ ከሜዳ ወደ ቤት የሚዘልቀው ደስታ ይቀርበታል። በደንብ የተመረጡ ጥቂቶች ይጫወታሉ፣ የቀረው ሕዝብ ተመልካች ይሆናል። በገና ሜዳ ግን ዱላ ይዞ የመጣ ሁሉ ተጫዋች ነበር። የውድድር ዓመት ባይተዋሮችን ሲያገናኝ ጎረቤቶችን ወደ ዳር ይገፋል።

ከዚህ ኪሳራ መውጫው ውድድሩን መተው አይደለም፤ ባይተዋሮች መጫወታቸው መልካም ነውና፣ አገር ከዚህ ውጭ ለመተዋወቅ ብዙ መንገድ የላትምና። ሁለቱን ቀኖች ማስታረቅ ግን ይቻላል። የሺንቲ ሰዎች ሊግና ዋንጫ ካገኙ ከመቶ ዓመት በኋላም በአዲስ ዓመት ሰሞን የሚደረጉ የጎረቤት ጨዋታዎቻቸውን አልጣሉም፤ የዓመቱ ውድድር በአንድ በኩል ይሄዳል፣ የቀኑ ጨዋታ በሌላ በኩል ይቆያል። ለገናም እንዲሁ ማሰብ ይገባል። ደንብ የተጻፈለት ገና ወረዳ ከወረዳ፣ ዞን ከዞን እየተገናኘ፣ ከመስከረም ጀምሮ ነጥቡ እየተደመረ ቢሄድ፣ ፍጻሜው ግን በራሱ ቀን፣ በታኅሣሥ 29 ቢውል፣ የቆጠራው ዓመትና የበዓሉ ዓመት በአንድ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። ከፍጻሜው በኋላ ደግሞ ሜዳው ዱላ ይዞ ለመጣ ሁሉ ይከፈት። በካናዳ የውድድር ዓመትን የዘጋው የበረዶው መቅለጥ ነው፤ ሰው ሌላ ምርጫ አልነበረውም። እኛ ግን ፍጻሜውን የምናሳርፍበትን ቀን የመምረጥ ዕድል አለን፤ ቀኑም አስቀድሞ ተቆጥሮ ተቀምጧል።